ባለቤቱን ጥሩልኝ

የእትዬ የሺን ሞት የሰማነው ማለዳ ላይ ነው፤ ካውያው ግሎ የመጀመሪያውን የሆቴል አንሶላ ገና ስዘረጋ። ስልኩን ያነሳው አቶ ግርማ ነበር። አዳምጦ ዘጋና ኮፍያውን አወለቀ። ሴቶቹ ወዲያው ገባቸው፤ ለቅሶው ቤቱን ሞላው። ማጠቢያ ማሽኑ የሚያጠፋው ሰው አጥቶ ብቻውን ሲሽከረከር ቆየ። ለቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል ደግሞ ሁላችንም አንድ ነገር እያሰብን፣ ማንም ቀድሞ ላይናገረው እርስ በርስ መተያየት ጀመርን። በመጨረሻ የደፈረችው አጣቢዋ ሙሉ ናት። «ስሙስ?» አለች፣ ፊቷን በሽርጧ እየጠረገች። «ስሙ ዞሯል ወይስ እንዳለ ነው?»

እንዳለ ነበር። ልቤ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ለእሳቸው ያለቅሳል፣ ግማሹ ስለ ቤቱ ይፈራል። የትኛው ይበልጥ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስሙ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከአንድ ቃል መጀመር ይሻለኛል። ቃሉ «ባለቤት» ነው። በእኛ ቋንቋ ይህ ቃል ብዙ ሥራ ተጭኖበታል። የንብረት ጌታ ባለቤት ነው። ባል ባለቤት ነው፣ ሚስትም ባለቤት ናት። ትምህርት ቤትም በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ድርጊቱን የፈጸመው ማን እንደሆነ ስንጠየቅ መልሱ ባለቤት ነበር። እትዬ የሺ በዚህ ቃል ሲቀልዱም ሲቆጡም ኖሩ። አንድ ጊዜ ፈቃድ ልናሳድስ አብረን ቢሮ ሄደን፣ ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል «ባለቤት?» ብትላቸው «አሥራ አንድ» አሉ። ልጅቷ ብዕሯን አስቀምጣ አየቻቸው። ነገሩን ያቀለሉ መስሏቸው «አንዷ እኔው ራሴ ነኝ» ብለው ጨመሩላት። ልጅቷን ለማስረዳት ብዙ ደከምን።

አሥራ አንድ ነበርን። ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በነበረ አሮጌ ቤት ውስጥ ልብስ እናጥባለን። አብዛኞቹ ሴቶች በየሰው ቤት እየዞሩ ሲያጥቡ የኖሩ ናቸው። ያሰባሰቧቸውና የኅብረት ሥራ ማኅበር ያደረጓቸው እትዬ የሺ ናቸው። እኔ የመጣሁት በኋላ ነው፤ ሆቴል ውስጥ ስተኩስ ቆይቼ። ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ «ይሄ ተኳሻችን ነው» ይሉና ዝም ይላሉ። ሰውየው ከላይ እስከ ታች ገልምጦኝ ወደ ኋላ ሲል «ሸሚዝ ነው የሚተኩሰው፣ አይፍሩ» ይሉታል። ቀልዱን ያልሰማ ደንበኛ አልነበረንም፤ እሳቸው ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይስቁበት ነበር።

አጭር፣ ክንደ ወፍራም ሴት ነበሩ። የሽርጣቸው ደረት ላይ የልብስ መቆንጠጫ ተደርድሮ አይጠፋም። ሲያስቡ አንዱን ነቅለው የራሳቸውን ጣት ጫፍ ይቆነጥጡበታል፤ ጣታቸው ሲቀላ ያኔ ውሳኔያቸውን ይናገራሉ። የቤቱ ምርጫም በመቆንጠጫ ነበር። ግቢው ውስጥ ሁለት ገመድ ይወጠራል፣ አንዱ ለ«ይሁን»፣ አንዱ ለ«አይሁን»። እያንዳንዳችን አንድ መቆንጠጫ ይዘን እንሄዳለን፤ አንድ ብቻ። ሊቀመንበሯ እሳቸው ናቸው፣ ግን የያዙት አንድ ነው። ደህና መስሎ የታያቸውን ሐሳብ ገመዱ ላይ ተሸንፈው ሲያዩት ከንፈራቸውን ነከስ አድርገው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ማንም ሰው «ማኅበሩ ይግዛልን»፣ «ማኅበሩ ያሠራው» ካለ አይለቁትም። «ማኅበሩ የት ነው የሚኖረው? አድራሻውን ስጠኝና ሄጄ ልንገረው» ይሉታል። እኔ ስገባ ይህን ነገር አላወቅሁትም ነበር። ቤቱ የእሳቸው መስሎኝ፣ ማኅበር የሚለው ለግብር የተለጠፈ ስም መስሎኝ፣ «ያው ማኅበር ማኅበር ነው» አልኳቸው። አንሶላውን ከእጄ ተቀብለው አስቀመጡት።

«ማኅበር ሲሉህ የማን ብለህ ጠይቅ» አሉኝ። «የሸማቾቹ ሱቅ ባለቤቱ የሚገዛበት ሰው ነው። የቁጠባና ብድሩ፣ የሚቆጥበው። የቤት ሠሪዎቹ፣ ገብቶ የሚያድርበት። የእኛ ደግሞ እጁ የሚረጥበው ነው። አክሲዮን የሚሉት ማኅበር ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ሰው ሳይሆን ድርሻ ነው እጅ የሚያወጣው።»

«እኔስ? እኔ የምሠራው በእሳት ነው» አልኳቸው ለመቀለድ።

«አንተም ውኃ ትረጫለህ» አሉና አንሶላውን መለሱልኝ።

ይህን ትምህርት የምንፈተንበት ቀን መጣ። አንድ ባለሀብት ትልልቅ ማሽኖች ላስገባላችሁ፣ እኔ ዋናውን ድርሻ ልያዝ፣ እናንተም እንደ አቅማችሁ ድርሻ ይኖራችኋል አለን። «ማኅበር ነበራችሁ፣ ማኅበር ሆናችሁ ትቀጥላላችሁ፤ ምንም የሚቀየር የለም» ነበር ያለው። ግማሻችን ልባችን ሸፈተ። የእኔም መቆንጠጫ የት ሊሰካ እንደነበር ባልናገር ደስ ይለኛል። እትዬ የሺ አልተከራከሩም፤ ገመዱን ወጥረው ጠበቁን። የ«አይሁን» ገመድ በጥቂት በለጠ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ወገባቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ማሽኑን ከሁላችንም በላይ የሚፈልጉት እሳቸው እንደነበሩ ነገሩን፤ ወገባቸው አልቆ ነበር።

ዘሀራን ያወቅናት ግን በሌላ ነገር ነው። ዘሀራ ከስልጤ የመጣች፣ ከሁላችንም ዝም ያለች ሴት ናት፤ ሰላምታዋ እንኳ የሚሰማው ቀረብ ላለ ሰው ነው። አንድ ቀን ነጭ ሸሚዙ በረኪና የበላው ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ጮኸ። እትዬ የሺ ይቅርታ ሊጠይቁት ቢነሱ «እኔ ከሠራተኛ ጋር አልነጋገርም፣ ባለቤቱን ጥሩልኝ» አላቸው። ዞር ብለው ዓይናቸው ያረፈው ባልዲ ላይ ያጎነበሰችው ዘሀራ ላይ ነው። «ባለቤቷ እሷ ናት» አሉት። ዘሀራ የተሰጣው አንሶላ ኋላ ገብታ ተደበቀች። ከአንሶላው ሥር እግሯ ይታያል። ሰውየው ትቀልዱብኛላችሁ እንዴ ብሎ ይባስ ተናደደ። እትዬ የሺ ሄደው አንሶላውን ገለጥ አደረጉና ክንዷን ይዘው አወጧት፤ ከዚያ እጃቸውን ለቀው ቆሙ። ሁላችንም ሥራ አቁመን ጠበቅን። የዘሀራ እጅ ውኃ ያንጠባጥባል።

«እንተካልዎታለን» አለች በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየች።

ሸሚዙን ተካን፣ ሰውየውም ደንበኝነቱን አልተወም። እትዬ የሺ ግን የቀኑን ነገር ያስታወሱት በአንዲት ድምፅ ነው። «‹ይተኩልዎታል› አላለችም እኮ» ይሉ ነበር፣ ለመጣው ሁሉ። «‹እን› አለች፤ ሰምታችኋል? ‹እን› አለች።»

ከዚያ የካዛንቺስ ወሬ መጣ። ሰፈሩ ሊነሳ ነው ተባለ፤ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ሁሉም ግን የሚያውቅ ሰው ያውቃል። ባምቢስ ድረስ ሄጄ ስመለስ የሰማሁት ወሬ ቤት ስደርስ ተቀይሮ ይጠብቀኛል። ጠዋት ስንመጣ ሰላም ከመባባላችን በፊት የምናየው በሩን ነበር፣ ምልክት ተቀብቶበት እንደሆነ። እንቅልፍ አጣሁ። ሙሉ ደግሞ የታጠበ ልብስ መልሳ ታጥብ ጀመር። አቶ ግርማ፣ ልብስ በጋሪ የሚያመላልሰውና በዕድሜ ከወንዶቹ የሚበልጠው፣ በየሰዓቱ ሬዲዮ ይከፍታል። የእትዬ የሺ ሕመምም የጀመረው ያኔ ነው፤ ፊታቸው ማበጥ፣ እግራቸው መክበድ ያዘ። ኩላሊት ነው አሏቸው።

መዝጋቢዎቹ የመጡት እሳቸው ጤና ጣቢያ በሄዱበት ጠዋት ነው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ወጣቱ እንደውም ጫማውን በሩ ላይ ጠርጎ ነው የገባው። ምትክ ቦታ እንደሚሰጥ፣ የሚመዘገበውም በባለቤቱ ስም እንደሆነ ነገረንና «ባለቤቱ ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

ዝም አልን። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስንት ጊዜ ስንሰማው ኖረናል። ግን በመንግሥት ሰው ፊት «እኛ ነን» ማለት አድማ መስሎ ታየን። ደግሞ የአንድ አዛውንት ስም ቢቀድም ይራሩልናል፣ ለሽበት ክብር ይሰጣሉ የሚል ሐሳብ በሁላችንም ውስጥ ያለፈ ይመስለኛል። አቶ ግርማ ጎሮሮውን ጠርጎ «ባለቤቷ እናታችን ናቸው፤ አሁን ሐኪም ቤት ሄደዋል» አለ። ማክበሩ ነበር። እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። ወጣቱ ሙሉ ስማቸውን ጠይቆ መዘገበ።

እትዬ የሺ ተመልሰው ሲሰሙ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር። የቆሸሸ ልብስ ክምር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና አንድ መቆንጠጫ ነቅለው ጣታቸው ላይ ሰኩ። «አሁን እኔ ብሞት» አሉ ጣታቸው ሲቀላ፣ «ይሄ ቤት የወንድሜ ልጅ ነው የሚሆነው።»

ምትኩ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ተሰጠን። ቤቱ ደህና ነው፤ አቧራው ብቻ ነጭ ልብሳችንን ጠላው። ስሙን የማረም ጉዳይ ግን ከእኛ ጋር ተከተለ። እሳቸው እየከሱ፣ ጉዳዩ እየወፈረ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ቀን እኔና አቶ ግርማ በታክሲ ይዘናቸው ቢሮ ሄድን። ጉዳዩን የያዘው ሰው አዘነላቸው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፣ አጭር መንገድም ፈለገላቸው። ቤቱን ለማኅበሩ በስጦታ ሰጥቻለሁ ብለው ከፈረሙ በቃ ዛሬውኑ ያልቃል አለ። አቶ ግርማ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አመሰገነ። እኔም እግሬ ቀለለኝ።

«አልፈርምም» አሉ እትዬ የሺ።

ሰውየው ያልገባቸው መስሎት በትዕግሥት ደገመላቸው፤ ባለቤትነታቸውን ለቀቁ ማለት ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም አላቸው።

«የሌለኝን አልለቅም፣ ልጄ። ሰጠሁ ካልኩ የኔ ነበር ማለት ነው። እነሱም ተመጽዋች ሆኑ ማለት ነው። ተሳስቶ የተጻፈ ነው፤ ተሳስቷል ብላችሁ ጻፉልኝ።»

ለዚያ ደግሞ ከዚህም ከዚያም የሚመጣ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ይወስዳል አለ። «ይውሰድ» አሉ። ጊዜ ያልነበራቸው እሳቸው ነበሩ። አቶ ግርማ ኮሪደሩ ላይ ሊንበረከክ ምንም አልቀረውም፤ «እትዬ፣ ስለ እመቤታችን ይፈርሙና እንገላገል» አላቸው። እኔ ተናደድኩ። እልሁ ለማን ነው፣ ለቃል ተብሎ አሥር ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል እንዴ እያልኩ በልቤ ተሳደብኩ። ታክሲው ውስጥ ፊቴን አይተው አወቁብኝ።

«ተኳሽ» አሉኝ። «የተጨማደደ ልብስ እንዲሁ በደረቁ ስትተኩሰው ምን ይሆናል?»

«ጭምድዱ እንዳለ ይጸናል» አልኩ፣ ሳልወድ።

«መጀመሪያ ምን ታደርገዋለህ?»

«አረጥበዋለሁ።»

«እንግዲያው ተወኝ ላርጥበው» ብለው ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደምበል አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ብዙ ቆምን። ትንፋሻቸውን እያዳመጥኩ፣ ደብዳቤው ይቀድማል ወይስ እሳቸው እያልኩ ነበር ቤታቸው የደረስነው።

በነዚያ ሳምንታት ያስፈራን ሌላው ነገር ብሩክ ነው፤ የወንድማቸው ልጅ፣ ብቸኛ ወራሻቸው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። አንድ ከሰዓት ቡልጋሪያ ድረስ ብቻውን መጣ። ጣሪያውን አየ፣ ግድግዳውን በእጁ ነካ ነካ አደረገ፣ የቧንቧውን መስመር ተከተለ። «ካሬው ስንት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቅንቆ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። ዘሀራ ከኋላዬ ሆና «ለካው» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር የሁላችንም እጅ ይቆም ነበር። እንዲህ ስንሰጋ ነው የሞታቸው ወሬ የደረሰን። ደብዳቤዎቹ ገና አላለቁም ነበር።

ቀብሩ ላይ ከካዛንቺስ የተበተነው ሰው ሁሉ ከየደረሰበት መጥቶ ነበር። እንዲያ ተሰባስበን ተያይተን አናውቅም፤ ሰው ያለቅሳል፣ መልሶ ደግሞ የድሮ ጎረቤቱን አቅፎ ይስማል። እኛ ከላውንደሪው አሥራችን አንድ ላይ ቆምን፤ ዘሀራም ሻሿን ግንባሯ ድረስ ስባ ከጎኔ ነበረች። አስከሬኑ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፉ ሥር ሲያርፍ፣ የሕይወት ታሪካቸውን ሊያነብ የወጣው ብሩክ ነው።

ውልደታቸውን አነበበ። አዲስ አበባ እንዴት እንደመጡ፣ ባላቸውን መቼ እንዳጡ አነበበ። ድምፁ አንድ ሁለቴ ተሰበረበት። ከዚያ «...በካዛንቺስ የታወቀው የልብስ ማጠቢያ ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ የሺመቤት...» አለ።

አቶ ግርማ ክንዴን ጨበጠኝ። ይኸው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በእግዚአብሔር ቤት ተነገረ፤ ከዚህ በኋላ ማን ይመልሰዋል ብዬ አሰብኩ። መናገር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን በቀብር ላይ የሟች ታሪክ ሲነበብ ማን ያቋርጣል? ያን ጠዋት መዝጋቢው ፊት የያዘን ይሉኝታ ያንኑ አፋችንን መልሶ ያዘው።

«አንዷ» አለ አንድ ድምፅ ከጎኔ።

ብሩክ ቆመ። የዕድሩ ዳኛ በቁጣ ዞረው «ማናት?» አሉ። ዘሀራ ነበረች፤ የሻሿ ጫፍ ሲርገበገብ ይታየኛል። ድምፅዋ ግን ያን ያህል ጎልቶ ሰምቼው አላውቅም።

«ከባለቤቶቹ አንዷ ናቸው» አለች። «አሥራ አንድ ነን።»

ብሩክ ወረቀቱን አየ፣ እኛን አየ፣ ሬሳ ሣጥኑን አየ። ከዚያ ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ተመልሶ እንደገና አነበበው። «በካዛንቺስ የታወቀው የልብስ ማጠቢያ፣ ከአሥራ አንዱ ባለቤቶች አንዷ የነበሩት ወይዘሮ የሺመቤት።» እኔ ያን ቀን የእውነት ያለቀስኩት ያኔ ነው።

ከቀብር በኋላ ፈልጎን መጣ። በቀጥታ ወደ ዘሀራ ሄደና ይቅርታ ጠየቃት። «አክስቴ ደጋግማ ነግራኝ ነበር እኮ። ማለቴ፣ ለንባብ ሲረዝምብኝ ነው ያሳጠርኩት» አላት። አቶ ግርማ ያን ጊዜም አላመነውም፤ ታዲያ ካሬውን ምን ብለህ ጠየቅህ አለው ፊት ለፊት። ብሩክ ግራ ተጋባ።

«እሷ ናት የላከችኝ» አለ። «መራመድ አቅቷት ነበር። ቤቱ ለአሥራችሁ ይበቃ እንደሆነ እይልኝ ብላ።»



ደብዳቤዎቹ ሲሟሉ ብሩክ ከእኛ ጋር ቢሮ ሄደ። ያው ሰውዬ ወራሽ እሱ መሆኑን አረጋግጦ፣ በፈቃዱ ይለቅ እንደሆነ ጠየቀው። «የሌለኝን አልለቅም፤ ተሳስቶ የተጻፈ ነው» አለ ብሩክ። ሰውየው ቀና ብሎ አየውና ፈገግ አለ፤ ትዝ ብሎት መሆን አለበት። ስሙም እሳቸው እንዳሉት ታረመ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ መጋረጃዋ ላይ ቀለበት ጎደለብኝ ብላ መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ የማሽኑን ጩኸት ለማሸነፍ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ባለቤቱን ጥሩልኝ» አለች።

አሥራችንም «አቤት» አልን። ሴትዮዋ ደነገጠች።